ፒክአፔን ወደ ኢታኖል ልቀይራት ነው፤ ሳጥኗ ብቻ ትበቃለች?

ባለፒክአፑ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከጎን ሆኜ ስታወሩ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው።

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ቶዮታ ፒክአፕ ናት። የቤንዚን፣ 2.7 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ማንዋል ማርሽ። 310 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም። ትንሽ ዘይት ትጠጣለች፤ በዚህ ዕድሜዋ አልፈርድባትም። የግንባታ ዕቃ ነው የምጭንባት። አንዳንድ ቀን ባዶዋን ትውላለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና እስኪል ትሸከማለች።

አሁን መንገዴ ላይ ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሚባለው አልኮል፣ ቀሪው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ) የሚቀዳ ማደያ ተከፈተ። ከቤንዚን ይረክሳል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጩት) እና በመኪናው ኮምፒውተር መካከል የምትሰካ ትንሽ ሳጥን አየሁ። "በ20 ደቂቃ ገጥመው ይሂዱ" ይላል። የባለቤቴ ወንድም ግን፣ መካኒክ ባይሆንም የማያውቀው ነገር የለም፣ "ሞተሯን አቃጥለህ በእግርህ ትመለሳለህ" አለኝ።

እስቲ ንገሩኝ። ሳጥኗ ብቻ ትበቃለች? የነዳጅ ቱቦዎች ይሟሟሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ጠዋት በብርድ አትነሳም ይላሉ። አንዴ ከገጠምኩ በኋላስ ቤንዚን ቢያሰኘኝ መቅዳት እችላለሁ?

ፈጣን እጅ፦

መጀመሪያ የነዳጅ ክዳኑን እይ ወንድሜ። ብዙ ፒክአፖች ከፋብሪካው ፍሌክስ (ቤንዚንም ኢ85ም የሚችሉ) ሆነው ወጥተው ባለቤታቸው ሳያውቅ ዓመታት ይነዳቸዋል። ክዳኑ ቢጫ ከሆነ ወይም በሩ ውስጥ ኢ85 የሚል ምልክት ካለ ሥራህ አልቋል። የኔ ባለ 5.3 ሊትር ሲልቨራዶ እንደዚያ ነው የተገኘችው። በአሜሪካ ሥሪት መኪኖች ላይ የሻንሲው ቁጥር 8ኛ ፊደል የሞተሩን ዓይነት ይነግርሃል፤ እሱን ሳመሳክር ነው ያወቅሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤንዚን ብቻ ሳጠጣት ኖሬ!

ባለፒክአፑ፦

የኔ ክዳን ጥቁር ነው። ምልክትም የላትም። ዕድል የለኝም ማለት ነው።

ያረጀ መፍቻ፦

ወንድም ባለፒክአፑ፣ ጥያቄህን ሳነብ የድሮ ራሴን አየሁ። እኔም ባለ 4 ሲሊንደር ፒክአፕ ነው ያለኝ። ወደ ኢታኖል ከቀየርኳት 6 ዓመት አልፏታል፤ ዛሬም ትሠራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ለጥቂት ነው ያልገደልኳት። እሱን ልንገርህ፣ ያንተ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ይመለሳል።

ያኔ ሳጥን የሚባል ነገር አልገዛሁም። ግማሽ ታንክ ቤንዚን ነበራት፣ ላዩ ላይ ኢ85 ሞላሁበት። ምንም አላለችም። እንዲያውም ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሠራ) ለስለስ አለ። ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ነዳኋት። ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ ድምጿን አሰማሁ። በሦስተኛው ቀን አሸዋ ጭኜ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትንፋሽ አጠራት። አጥብቄ ረገጥኩ፣ ባሰባት። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልበራም። ቤት ደርሼ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። የአራቱም ጫፍ እንደ ኖራ ነጭ ሆኗል። ነዳጅ አንሷት ስትጠበስ ነበር የዋለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። 1 ኪሎ ንጹሕ ኢታኖል ግን 9 ኪሎ ይበቃዋል፣ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ። ሞተርህ የሚስበው አየር አልተለወጠም። ስለዚህ ለዚያው አየር ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት አለብህ። እኔ በጭንቅላቴ የምይዘው ሒሳብ ይሄ ነው፦ ድብልቁ ውስጥ ለገባ ለእያንዳንዱ 10 በመቶ ኢታኖል፣ በሊትር 5 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ። ኢ85 ማለት 85 በመቶ ኢታኖል ነው፤ 42 በመቶ ገደማ ጨምር።

ረጋ ብለህ ስትነዳ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያዳመጠ ራሱን ያርማል። ሴንሰሩ የነዳጁን ስም አያውቅም። የሚያየው ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ተርፎ እንደሆነ ነው። ከተረፈ "ጨምር" ይላል። ይሄ እርማት ፊውል ትሪም ይባላል፤ በስካነር በመቶኛ ታነበዋለህ። በብዙ መኪና ላይ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል። ከዚያ ፒ0171 የሚባለው ኮድ (ነዳጅ አንሷል ማለት ነው) ይመጣና ቼክ ኢንጂን ይበራል።

እስከ ወለሉ ስትረግጥ ግን ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን መስማት ያቆማል። በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ይረጫል። ቀድሞ የተማረውን ይዞ ቢሄድ እንኳ ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረው የለም። ሞተር የሚጎዳው ደግሞ በጭነትና በዳገት፣ በዚያችው ደቂቃ ነው። መብራት እጠብቃለሁ ብትል ትቆያለህ።

የኔ ከዚህም የባሰ ነበር። የነዳጅ ፖምፓዬ ደክሞ ኖሯል። በቤንዚን ጊዜ የሚፈለግበትን ስለሚሰጥ አላወቅሁም። ሥራ ሲበዛበት ተጋለጠ። የግፊት መለኪያ ገጥሜ ስነዳ በሚኒሞ ቀጥ ብሎ የቆመው ቀስት፣ ስረግጥ እንደ ደከመ ሰው ቁልቁል ወረደ።

ስለዚህ ሳጥኗን ለመጨረሻ አቆያት። የሷ ሥራ አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን "ለ5 ሚሊሰከንድ ተከፈት" ሲለው መሃል ገብታ 6.5 ታደርገዋለች። ነዳጅ አትፈጥርም። ከኋላ ነዳጅ ካልመጣ በሩን ከፍቶ መቆየት ምን ዋጋ አለው?

መጀመሪያ ስካነር ተበደርና ትሪምህን አንብብ። አሁን፣ ቤንዚን ላይ እያለች። በሚኒሞ አንዴ፣ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ አንዴ። ጻፈውና እዚህ ለጥፈው።

ቀጥሎ ኢንጀክተሮችህ ትርፍ ጊዜ እንዳላቸው በወረቀት አስላ። አንዳንድ ስካነር ኢንጀክተሩ የሚከፈትበትን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳያል። በየተራ የሚረጭ ሲስተም ከሆነ አንድ ኢንጀክተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚረጨው። በ5000 ዙር፣ ሁለት ዙር 24 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሙሉ ረግጠህ 15 ሚሊሰከንድ ካነበብክ ከጊዜው 62 በመቶ ወስዷል። በኢ85 ያ 15 ወደ 21.3 ሊሄድ ይችላል፤ ይሄ 89 በመቶ ነው። ከ85 ካለፈ ኢንጀክተሩ በቅጡ ለመዘጋት ጊዜ ያጥረዋል። ያኔ ከፍ ያለ ኢንጀክተር ፈልግ። "ግፊቱን ከፍ አድርገው" የሚልህ ይመጣል። ከ3 ባር ወደ 4 ባር ብትወስደው የምታገኘው 15 በመቶ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ በግፊቱ ልክ አያድግም። ያውም ለደካማ ፖምፓ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ፖምፓውን በግፊት ብቻ አትመን። የሚሰጠውን መጠን ለካ። የሲስተሙን ግፊት ካስለቀቅህ በኋላ ቱቦውን ወደ ተለካ ዕቃ አዙረህ ለ30 ሰከንድ አሠራው፣ ከመኪናህ መጽሐፍ ጋር አስተያየው። ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ሆኖ። የኢታኖል ነበልባል ሐመር ሰማያዊ ነው፤ በፀሐይ ላይታይህ ይችላል። በዚህ አልቀልድም።

ቱቦው ይሟሟል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ኢታኖል የማይስማማቸው አሉ፦ የተፈጥሮ ጎማ፣ ቡሽ፣ ናስ፣ ዚንክ፣ ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም። ቴፍሎን፣ ናይለን፣ ቪቶን የሚባለው ጎማና የማይዝግ ብረት አይነኩም። እኔ ከታንኩ ወደ ፊልትሮው የምትሄደውን አጭር ጎማ ስፈታ ውጭዋ ደህና ነው። ጣቴን ውስጧ ሳስገባ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጎንበስ ሳደርጋት ከውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀች። እሷን፣ የኢንጀክተሮቹን ኦሪንግና ፋሼታዎቹን ቀየርኩ። ሌላው እስካሁን አለ።

አንድ ትርፍ የነዳጅ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ኢታኖል ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ሁሉ ከታንኩ ያጥባል፣ አጥቦም ፊልትሮው ላይ ያራግፈዋል። መቼ እንደምትቆም አታውቅም፣ ግን ትቆማለህ።

ብርዱ እውነት ነው። ኢታኖል በቅዝቃዜ እምቢ ብሎ አይተንም፣ ፈሳሽ ደግሞ በብልጭታ አይቀጣጠልም። ኢ85 ውስጥ ያለው ቤንዚን አንዱ ሥራው እሱ ነው። ብራዚል ውስጥ በ2003 ፍሌክስ መኪና ሲጀመር ኮፈኑ ሥር ለጠዋት ማስነሻ ብቻ የምትሆን ትንሽ የቤንዚን ታንክ ነበረችው። እኔ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ፖምፓው እንዲሞላ እጠብቅና ሞተሪኖውን እመታለሁ። በጣም ሲበርድ ቤንዚን እቀላቅላለሁ። ሳጥን ስትገዛ የሙቀት ሴንሰርና የኢታኖል ሴንሰር ያላትን ግዛ። በእጅ የምትዞር ቁልፍ ብቻ ያላት ርካሽ ትሆናለች፣ ግን ቤንዚን በቀዳህ ቁጥር ማዞር ትረሳለህ። እኔ ረስቻለሁ። ከጅራቴ ጥቁር ጭስ እየጎተትኩ ገበያ ዞሬያለሁ። ሴንሰር ካላት ቤንዚንም፣ ኢታኖልም፣ ድብልቁንም እንደፈለግህ ቅዳ።

ቁጠባውን ሳትሳሳት አስላ። በሊትር ያለው ጉልበት ያንሳል። የኔ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የነበረችው 15.5 ትወስዳለች። የኢታኖሉን ዋጋ ለቤንዚኑ አካፍል። ከ0.77 (12 ለ15.5 ሲካፈል) በታች ከሆነ ያዋጣሃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለደስታህ ነው የምትነዳው። ደስታው ደግሞ አለ። ኦክቴኑ (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ከፍ ያለ ነው፣ ሲተንም የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ዳገት ላይ ያ የድሮ "ችክ ችክ" የሚል ማንኳኳቷ ጠፍቷል።

የላብ ልጅ፦

ጋሼ መፍቻ፣ ጽሑፍዎን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። ኢ85 ማለት ሁልጊዜ 85 በመቶ ኢታኖል ማለት አይደለም። በአሜሪካው መስፈርት ከ51 እስከ 83 በመቶ መሆን ይችላል። በብርድ ወራት ኢታኖሉን ይቀንሱታል፣ እርስዎ በነገሩን ምክንያት፣ መኪና እንዲነሳ። ስለዚህ ጥር ላይ የቀዱትና ሐምሌ ላይ የቀዱት አንድ ነዳጅ ላይሆን ይችላል።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በቤት የሚሠራ ቀላል ፈተና ላሳያችሁ። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ምልክት ያለው ቀጭን የመስታወት ሲሊንደር ያዙ። እስከ 50 ውሃ፣ ከ50 እስከ 100 ነዳጁን። ክዳኑን ዘግታችሁ ናጡት፣ ትንፋሹን አስወጡት፣ ከዚያ ተዉት። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። በደቂቃዎች ውስጥ ከላይ ቤንዚኑ፣ ከታች ውሃው ይለያል። የታችኛው ግን አሁን 50 ላይ አይደለም። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ጥሎ ወደ ውሃው ሄዷል። መስመሩ 85 ላይ ከቆመ 35 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ገብቷል ማለት ነው፤ ከ50 ውስጥ 35፣ 70 በመቶ። ውሃና ኢታኖል ሲቀላቀሉ ትንሽ ስለሚሸማቀቁ ንባቡ ከእውነቱ ጥቂት ያንሳል። ነዳጁን ከእሳት አርቁ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሲሊንደሩንም ወደ ኩሽና እንዳትመልሱት።

ሴንሰሩም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር። ኤሌክትሪክን በመያዝ ቤንዚን 2 ገደማ፣ ኢታኖል 25 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ መለየት አይቸግረውም። በብዛት የሚገኘው ሴንሰር ለ0 በመቶ 50 ኸርዝ፣ ለ100 በመቶ 150 ኸርዝ ይልካል። በመልቲሜትር 120 ካነበባችሁ 70 በመቶ ነው። እዚህ ማንም አይዋሻችሁም።

ሌላው፣ የመድኃኒት ቤት አልኮል ልቀላቅል የሚል ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። አይሆንም። 70 በመቶው አልኮል ቀሪው 30 ውሃ ነው። ቤንዚን ላይ ሲፈስ ውሃው አልኮሉን ይዞ ታንኩ ሥር ይቀመጣል፣ ፖምፓውም መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው።

ያረጀ መፍቻ፦

እህቴ ልክ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ። ለዚህ ነው ለካ በብርድ ወራት ፍጆታዬ ደህና የሚሆነው! እኔ ሞተሩ ብርድ ይወዳል እያልኩ ለሰው ስናገር ነበር።

ዲ4፦

በመሃል ለመግባት ይቅርታ። የኔ ፒክአፕ ናፍጣ ናት። ትንሽ ኢታኖል ታንኩ ውስጥ ብጨምር?

ያረጀ መፍቻ፦

አትሞክረው የኔ ወንድም። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ በአየሩ ግለት ነው የሚያቀጣጥለው። ኢታኖል በዚያ መንገድ መቀጣጠል ይጠላል። በዚያ ላይ የናፍጣ ፖምፓ በራሱ በናፍጣው ነው የሚለሰልሰው፤ ኢታኖል ቅባት የለውም። በኢታኖል የሚሄዱ የስካኒያ የናፍጣ ሞተሮች አሉ፣ አውቃለሁ። ግን ነዳጁ ውስጥ የሚያቀጣጥል ቅመም ተጨምሮበት፣ የሞተሩም እመቃ ወደ 28 ለ 1 ተነስቶ ነው። ያንተና የኔ ጋራዥ ሥራ አይደለም።

ባለፒክአፑ፦

ጋሼ፣ ስካነር ተበደርኩ። ሳጥኗን ገና አልገዛሁም። በሚኒሞ +18 አነበብኩ፣ በ2500 ዙር +4። ቤንዚን ላይ ነው ይሄ። ጥሩ ነው መጥፎ?

ያረጀ መፍቻ፦

እንኳን አልገዛህ። በቤንዚን +18 ላይ ከሆንክ ኮምፒውተሩ ካለው 25 ውስጥ አብዛኛውን በልቶታል። ኢታኖል ብትጨምርበት ገና ማደያው በር ላይ መብራቱ ይበራብህ ነበር። ሳጥኗን ትረግማለህ፣ የባለቤትህ ወንድም ደግሞ ደስ ይለዋል።

ግን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ከወረደ፣ የሆነ ቦታ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳዋ ድርሻዋ ይገዝፋል። በ2500 ዙር የሚገባው አየር ብዙ ነው፣ ቀዳዳዋ ትዋጣለች። ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ስትረግጥ እየባሰ ቢሄድ፣ ፖምፓውንና ፊልትሮውን ነበር የምጠረጥረው።

አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ያዝ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን ከአየር ማጣሪያው እስከ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ባሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ አዙረው። ከሚሽከረከረው ቺንጊያ ራቅ። የሚያፏጭበት ስትደርስ ታውቀዋለህ። ከትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ኋላ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች በተለይ ከሥራቸው እይ። ከላይ ሁሌም ደህና ይመስላሉ።

ባለፒክአፑ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ፦

ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

የሚያፏጨው ተገኘ። ከቫልቮላ ክዳኑ ወደ ማኒፎልዱ የምትሄደው የትንፋሽ ቱቦ፣ ክርኗ ላይ፣ ከሥር። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከላይ ስታያት አዲስ ትመስላለች፣ ልክ ጋሼ እንዳለው። ቀየርኳት። ትሪሙ በሚኒሞ +3፣ በ2500 ዙር +2 ሆነ። ገና ኢታኖል ሳላቀምሳት መኪናዋ ሌላ ሆነች። ፍሬን ይዤ ስቆም የነበረው መንቀጥቀጥ ቀረ፤ እኔ እኮ የዕድሜ ነገር ነው ብዬ ለምጄው ነበር።

ኢንጀክተሮቹን አሰላሁ። በ4800 ዙር ሙሉ ረግጬ 13.5 ሚሊሰከንድ አነበብኩ (እኔ እየነዳሁ፣ ልጄ እየጻፈች)። ሁለት ዙር 25 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 54 በመቶ። በኢ85 ወደ 77 ይሄዳል። ይበቃል። ፖምፓው ግን ከመጽሐፉ በታች ሰጠ። ብዙ አይደለም፣ ግን በታች። ታንኩን ካወረድኩ አይቀር ብዬ እሱንም፣ ቱቦውንም፣ ኦሪንጎቹንም ቀየርኩ። ታንኩ ሥር ያገኘሁትን ዝቃጭ አልነግራችሁም። በማንኪያ ነው ያወጣሁት።

ከዚያ ነው ሳጥኗን የገዛሁት፣ ከነሴንሰሯ። መግጠሙ 20 ደቂቃ ሳይሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አንድ የኢንጀክተር ሶኬት መቆለፊያው ተሰበረ፣ ላስቲኩ ደርቆ።

በአንድ ጊዜ አልሞላሁም። ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ፣ በየመሃሉ ትሪሙን እያየሁ። ከ+6 አላለፈም። ሙሉ ኢ85 ስሞላ ሴንሰሩ 68 በመቶ አለ። እህታችን በነገረችን ሲሊንደር ስለካ 66 አገኘሁ። ወተት የሚመስለውን ስታይ ልጄ ጮኸች። አሁን በየማደያው ናሙና እንያዝ እያለች ታስቸግረኛለች።

ጠዋት 4 ዲግሪ ሲሆን በሦስተኛው ሞተሪኖ ተነሳች። በ12 ዲግሪ በመጀመሪያው። ፍጆታዋ ከ12.4 ወደ 15.9 ሊትር ወጣ። ማካፈሉን ሠራሁ፣ እኔ ጋ 0.66 ነው የሚመጣው። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ለፖምፓው ያወጣሁትን ለመመለስ ጥቂት ወራት መጫን አለብኝ።

ፊልትሮውም ጊዜውን ጠበቀ። ታንኩን አጥቤ ስላበቃሁ አይመጣብኝም ብዬ ነበር። በ700 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ብሎኬት ጭኜ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መተንፈስ አቃታት። ቆምኩ፣ አቀዝቅዤ ትርፉን ገጠምኩ፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ ሄድኩ። አሮጌውን ስገለብጠው የቡና አተላ የሚመስል ፈሰሰ። ጋሼ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ያቺን ትርፍ ፊልትሮ ላስቀራት ነበር።

ያረጀ መፍቻ፦

ጎበዝ። ብሎኬት ጭነህ ሳይሆን ባዶህን ሆነህ ብትሞክራት ይሻል ነበር ግን። አሁን ዘይቱን አትርሳ። አጭር አጭር መንገድ የምትሄድባት ከሆነ ነዳጅና ውሃ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የዘይት ክዳኑን ከፍተህ ከውስጡ ነጣ ያለ ቅባት ካየህ መቀየሪያ ጊዜውን አሳጥረው።

ፈጣን እጅ፦

የባለቤትህ ወንድምስ ምን አለ?

ባለፒክአፑ፦

ትናንት አብረን ማደያ ሄድን። በራሱ ፒክአፕ፣ ከተገዛች 5 ዓመት ሆኗታል። ከኔ ኋላ ቆሞ "ከዚህኛው እንዳትቀዱልኝ" እያለ ለቀጂዋ ይነግራል። ልጅቷ የነዳጅ በሩን ከፈተችና "ይቺስ ትችላለች እኮ" አለችው።

ክዳኗ ቢጫ ነው።